በከተማ ዳር የሮክ ባንድ እንዴት ይመሠረታል?

መጀመሪያ ሰው። እኛ ባለንበት በአዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ፣ ሮክ የሚወድ ሙዚቀኛ ብቻ ከፈለጋችሁ ብቻችሁን ትቀራላችሁ። ቀጠሮ የሚያከብር ሰው ፈልጉ። ድራመራችን ከትምህርት ቤት ማርሽ ባንድ የመጣ ነው። ኪቦርድ የምትጫወተው ልጅ መዘምር ናት። ክራር የሚመታው ልጅ ባህል ምሽት ቤት ይሠራ ነበር። እኔ ጊታር የተማርኩት ከዩቲዩብ ነው።

ቀጥሎ ቦታ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ድራም አይሞከርም። ራቅ ያለ ሰርቪስ ቤት ተከራዩ፣ ኪራዩን አዋጡ። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን አትለጥፉ። ማስተጋባቱን ትንሽ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ድምፅ ወደ ውጭ እንዳይወጣ አያደርግም። በዚያ ገንዘብ ደህና የጊታር ኬብል ግዙ።

ከባዱ ሥራ ቅኝት፣ ማለትም ዜማው የሚሠራባቸው ድምፆች ስብስብ፣ ነው። ጃኖ ባንድ ሮክና የአገራችን ዜማ አብረው እንደሚሄዱ አሳይቶናል፤ እንዴት እንደሚሄዱ ግን ቁጭ ብሎ መልፋት ይጠይቃል። የሮክ ጊታር ጉልበቱ ፓወር ኮርድ ነው። መነሻውንና አምስተኛውን ድምፅ፣ ለምሳሌ ዶ እና ሶልን፣ አብሮ መምታት ማለት ነው። ከዶ ብትነሱ በትዝታ፣ በባቲና በአምባሰል ቅኝቶች ሶል ስላለች ችግር የለም። አንቺሆዬ ቅኝት ውስጥ ግን ሶል የለችም። ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት እና ላ ናቸው፤ ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። ጊታሩ ሶልን ሲያጮህ ክራሩ ሶል ፍላት ይመታል። የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረው ዲስቶርሽን ሲጨመርበት ጆሮ አይችለውም።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ሁለት ወር ሙሉ «ክራርህ አልተቃኘም» እያልኩ ልጁን አስቸገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ክሮቹን ያጠብቃል፣ ያላላል፣ እንደገና ያጠብቃል። አንድ ቅዳሜ ክራሩን ጠቅልሎ ሄደ። ስህተቱ የኔ እንደሆነ ያሳየችኝ መዘምሯ ናት፤ ኪቦርዱ ላይ አምስቱን ድምፆች አንድ በአንድ እየነካች። ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ስለዚህ ጆሯችሁ ያልለመደውን ነገር «ተሳስቷል» ከማለታችሁ በፊት ባለሙያውን ጠይቁ።

መፍትሔው ይኸው። አንቺሆዬ ላይ ፓወር ኮርዱን ከፋ ወይም ከሶል ፍላት አስነሱት፤ የሁለቱም አምስተኛ ቅኝቱ ውስጥ አለ። ዶ ላይ ስትደርሱ ነጠላ ድምፅ ብቻ ምቱ።

ድራመሩ አራት በአራት ምት ብቻ ከለመደ የችክችካን ምት በጭብጨባ ይጀምር። ዱላ የሚያነሳው እጁ ከለመደ በኋላ ነው።

መብራት ሲጠፋ ወደ ቤት አትበተኑ። ክራር፣ ጭብጨባና ድምፅ ይበቃል። እኛ ግጥም የምናጠናው ያን ጊዜ ነው።