ለብቻዋ ለምትኖር እናት፦ ከምርኩዝ እስከ ስልክ

እናቴ ደሴ ብቻዋን ነው የምትኖረው። አዲስ አበባ እኛ ጋር ነይ ብንላት «እድሬንና ማኅበሬን ለማን ትቼ?» አለችና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ስለዚህ ቤቷን ለእሷ ማመቻቸት ያዝን። አሜሪካ ያሉት ወንድሞቼ በየሻንጣው ዕቃ ይልካሉ፤ ግማሹ እስካሁን ከካርቶኑ አልወጣም። እዚህ የምጽፈው በየቀኑ የምትጠቀምበትን ነው።

ከምርኩዝ ጀምሩ። ርካሽ ስለሆነ ይናቃል እንጂ ልኩን ያልጠበቀ ምርኩዝ ወገብ ያጎብጣል። የምትወጣበትን ጫማ ታድርግ፣ ቀጥ ብላ ትቁም፣ እጇን ወደ ታች ትልቀቀው። የምርኩዙ መያዣ የእጇ አንጓ ላይ መድረስ አለበት። የእንጨት ከሆነ ትርፉን ከታች በመጋዝ ቁረጡት፤ ጫፉ ላይ ጎማ ይግባበት፣ ጎማው ሲያልቅ ይቀየር። አያያዙ ላይ ከእናቴ ጋር ብዙ ተጨቃጭቀናል። «የሚያመኝ ቀኝ ጉልበቴ፣ በግራ እጄ ምን ልሁን ብዬ እይዛለሁ?» ትላለች። ግን በደህናው እግር በኩል ነው የሚያዘው። ቀኝ እግሯ ሲራመድ በግራ እጅ ያለው ምርኩዝ አብሮ መሬት ይነካና ከታመመው ጉልበት ላይ ክብደት ይቀንሳል። ደረጃ ስትወጣ ደህናው እግር ይቅደም፤ ስትወርድ ምርኩዙና የታመመው እግር ይቅደሙ።

ቀጥሎ የሌሊት መንገድ። ሽንት ቤቷ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራ የሶላር መብራት በሩ ላይና መንገዱ ላይ ሰቀልን። መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ፓኔሉን ከቆርቆሮው ጥላ አውጡት። ክረምት ላይ ስለሚደክም በቻርጅ የሚሠራ ባትሪ አልጋዋ አጠገብ ይኑር። ሽንት ቤቱ ውስጥ የምትይዘውን ብረት ሰፈር ያለ ብየዳ ቤት ይሠራላችኋል። ቤቱ የጭቃ ከሆነ ብረቱን ምርጊቱ ላይ እንዳታስሩት፤ ቋሚው እንጨት ላይ ይታሰር፣ እሷ ከመያዟ በፊትም አንድ ጎልማሳ በሙሉ ክብደቱ ይጎትተው።

ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት ጀርባውን አንብቡ። «100-240» የሚል ከሆነ ችግር የለም። 110 ወይም 120 ብቻ የሚል ከሆነ የኛ 220 ያቃጥለዋል።

ከተላኩት ሁሉ የደም ግፊት መለኪያው ነው ሥራ ላይ የዋለው። ክንድ ላይ የሚታሰረውን ምረጡ። ከመለካቷ በፊት ለአምስት ደቂቃ ዝም ብላ ትቀመጥ፦ ጀርባዋ ተደግፎ፣ እግሮቿ ሳይነባበሩ መሬት ነክተው፣ ክንዷ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትይዩ አርፎ። ማሰሪያው በሹራብ ላይ አይታሰርም፤ የደሴን ብርድ ታግሳ እጅጌዋን ማውለቅ አለባት። ቡና ከተጠጣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ እናቴ ከአቦል በፊት ትለካለች። በረካ እስኪያልቅ ከተጠበቀ ጎረቤት ሞልቶ ወሬው ይደራል፣ እያወሩ መለካት ደግሞ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ከደቂቃ በኋላ ደግማ ትለካና ሁለቱንም ደብተር ላይ ከነቀኑ ትጽፋለች። ቁጥሩን አይቶ መድኃኒት መቀነስም መጨመርም የሐኪሙ ሥራ ነው።

የመድኃኒት ሳጥኑ ሰባት ክፍል አለው፤ ክዳኑ ላይ ያሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ናቸው። ፕላስተር ለጥፌ ሰ፣ ማ፣ ረ፣ ሐ፣ ዓ፣ ቅ፣ እ ብዬ በወፍራም ማርከር ጻፍኩበት። ማስታወሻውን ስልክ ላይ ስትሞሉ ሰዓቱን ልብ በሉ፦ ለእሷ ጠዋት 2 ሰዓት የሆነው ስልኩ ላይ 8:00 ነው፣ ማታ 2 ሰዓት ደግሞ 20:00። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆይ ከሆነ ይህንን ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩትና ሰዓቱን እሱ ያስተካክል። እናንተ ካልነገራችሁት እሷ አትነግረውም፤ በገዛ እጇ መድኃኒቱን ትዘለዋለች።

ስልክ ላይ ብዙ አትድከሙ። እናቴ ሁለት አላት። ባለ ቁልፉ ለመደወል ነው፤ 2ን ተጭና ስትይዝ እኔ ጋ፣ 3ን ስትይዝ ጎረቤት ጋ ይደውላል። ቻርጁም ቀናት ይቆያል። ስማርቱ ልጆቿን በኢሞ ለማየት ብቻ ነው፦ ጽሑፉን አተለቅኩ፣ የቀረውን ሁሉ ከፊት ገጹ አንስቼ የልጆቿን ፎቶ ብቻ አስቀረሁ። ብዙዎቹ አዳዲስ አንድሮይድ ስልኮች የማብሪያ ቁልፉ አምስት ጊዜ በተከታታይ ሲጫን ለአደጋ ጊዜ ይደውላሉ፤ የሚደወልበትን ቁጥር ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ በቅርብ ወዳለ ሰው ቀይሩት። አዲስ አበባ ሆኜ ስልኩ ቢጮህልኝ ምን ልፈይዳት?

ግድግዳው ላይ በትልልቁ የተጻፈ ወረቀት አለ፦ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991፣ ከዚያ የጎረቤትና የእኛ። ትርፍ ቁልፍም ጎረቤት ጋ አስቀምጠናል። ማታ ከውስጥ የምትወረውረው መወርወሪያ ግን ቁልፉን ዋጋ ያሳጣዋል፤ እሱን አስነቅለን ከውጭም የሚከፈት ጓጉንቸር እንድናስገባ ገና አልፈቀደችም።