የኒኬል ማዕድኑ ድኝ ከየት መጣ? ቁጥሩ ግራ ሲያጋባ የሚደረግ ፍተሻ

ከማግማ (ከቀለጠ አለት) የተፈጠረ የኒኬልና የመዳብ ክምችት ስናገኝ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ ድኙ ከየት መጣ የሚለው ነው። ማግማው ከማንትል (ከምድር ቅርፊት በታች ካለው ንብርብር) ይዞት የሚወጣው ድኝ ለትልቅ ክምችት ብዙ ጊዜ አይበቃም። በመንገዱ ካለፈበት አለት ድኝ ከጨመረ ግን ሰልፋይዱ (ድኝ ከብረታ ብረት ጋር የተዋሃደበት ፈሳሽ) እንደ ዘይትና ውሃ ከማግማው ይለያል። ከዚያ ኒኬሉን፣ መዳቡንና ፕላቲኒየሙን ሰብስቦ ወደ ታች ይወርዳል። ምንጩን ካወቅን ቀጣዩን ጉድጓድ የት እንደምንቆፍር ፍንጭ እናገኛለን።

ምስክራችን የድኝ 34 እና የድኝ 32፣ ማለትም በክብደት የሚለያዩ ሁለት የድኝ ዓይነቶች (አይሶቶፖች)፣ ምጣኔ ነው። በካንየን ዲያብሎ ሜትዮራይት (ከጠፈር የወደቀ ድንጋይ) ከተሰየመው መለኪያ ጋር ተነጻጽሮ በሺህ ይጻፋል፤ ዴልታ 34 እንለዋለን። የማንትል ድኝ ዜሮ አካባቢ ነው። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚህ ዜሮ ነው።

ምልክት፦ ማግማው ያለፈበት ጎረቤት አለት በድኝ የተሞላ ነው፤ የማዕድኑ ቁጥር ግን ዜሮ አካባቢ ነው

ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ድኙ የማንትል ነው" ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። እባካችሁ አትቸኩሉ።

አንደኛው ምክንያት መሟሟት ነው። በቁጥር እንየው። የሰልፋይድ ጠብታው 35 በመቶ፣ ማግማው 0.1 በመቶ ድኝ ይኑራቸው። የጠብታው ድኝ በሙሉ ከጎረቤት አለት የመጣና +16 ነው እንበል፤ የማግማው ደግሞ 0። 1 ኪሎ ጠብታ ውስጥ 350 ግራም ድኝ አለ። 350 ኪሎ ማግማ ውስጥም እንዲሁ 350 ግራም። ሁለቱ ድኝ ከተለዋወጡ ውጤቱ +8 ይሆናል። ያው ጠብታ እየተናጠ 3,500 ኪሎ ማግማ ካገኘ ግን 16 ለ11 ይካፈላል። የሚቀረው +1.5 ገደማ ነው። ድኙ ከውጭ መጥቶ ሳለ ቁጥሩ የማንትል ይመስላል።

የሚያሳስበኝም ይሄ ነው። ጠብታው ብዙ ማግማ ባገኘ ቁጥር ብዙ ፕላቲኒየምና ፓላዲየም ይለቅማል። ስለዚህ በፕላቲኒየምና በፓላዲየም የበለጸገው ማዕድን ምስክርነቱ የደከመ ሊሆን ይችላል። በጣም የምንጓጓለት ናሙና ስለ ድኙ ምንጭ ትንሽ የሚነግረን እሱ ነው ማለት ነው።

መፍትሄው ዴልታ 34ን ብቻውን አለማንበብ ነው። በሰልፋይዱ ውስጥ ካለው ፓላዲየም ጋር ግራፍ ላይ አስቀምጡት። ፓላዲየሙ ሲጨምር ቁጥሩ ወደ ዜሮ የሚጠጋ ከሆነ መሟሟትን ጠርጥሩ። በፓላዲየም የደኸዩትን ናሙናዎች አትጣሉ፤ የመጀመሪያውን ቁጥር ጠብቀው ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ጎረቤት አለቱ ራሱ ዜሮ አካባቢ መሆኑ ነው። በአርኬያን ዘመን (ከ2.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት) ደለሎች ይህ የተለመደ ነው። ያኔ ሌላውን የድኝ ዓይነት፣ ድኝ 33ን፣ ጨምራችሁ አስለኩ። ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አየሩ ኦክስጅን አልነበረውም፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በድኝ ጋዝ ላይ ልዩ አሻራ ይተው ነበር። ማቅለጥ ያንን አሻራ አይፈጥረውም፤ አያጠፋውምም። መሟሟት ግን ያደክመዋል። በአውስትራሊያና በካናዳ የአርኬያን ኒኬል ክምችቶች ውስጥ ተገኝቷል። ድኙ በአንድ ወቅት አየር ላይ እንደነበር ያረጋግጣል። ጎረቤት አለቱ ከዚያ ዘመን ወዲህ የተሠራ ከሆነ ግን ይህ መንገድ አይሠራም።

ምልክት፦ ቁጥሩ ከፍ ያለ ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር ግን አይገጥምም

የሳይቤሪያው ኖሪልስክ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዕድሜው 250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ማዕድኑ በአብዛኛው ከ+8 እስከ +12 ይለካል። ማግማው ያለፈበት የዴቮኒያን ዘመን አንሃይድራይት ከዚያ ይበልጣል፤ ከ+16 በላይ ይደርሳል። አንሃይድራይት ውሃ የሌለው ጀሶ በሉት። ባህር ሲደርቅ የሚቀር ነው፤ ዳናኪልን ያየ ሰው ይገባዋል። አለመግጠሙ ስህተት አይደለም። የሁለት ምንጮች ድብልቅ ነው፤ ከላይ ያለውን ስሌት ተጠቀሙ። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፦ የጀሶ ድኝ ከኦክስጅን ጋር የታሰረ ነው። ሰልፋይድ እንዲሆን ኦክስጅኑን የሚነጥቀው ነገር ያስፈልጋል። አካባቢው ላይ የድንጋይ ከሰል ወይም ሌላ ካርቦን ያለው አለት መኖሩን ተመልከቱ።

ምልክት፦ ጎረቤት አለቱ ድኝ የለውም ማለት ይቻላል

ናሙናውን ከየት ወሰዳችሁ? ከማግማው ጎን ከሆነ አለቱ ተጠብሷል። ፒራይት የተባለው የብረትና የድኝ ማዕድን ሲሞቅ ድኙ ወዳነሰው ፒሮታይት ይለወጣል፤ ድኙንም ግማሽ ያህሉን ይለቃል። በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ዱሉዝ በተባለው የማግማ አለት ዙሪያ ያለው የቨርጂኒያ ፎርሜሽን (የንብርብሩ ስም ነው) ጥቁር ሼል፣ ማለትም የጠጠረ ጭቃ፣ ይህን ያሳያል። መፍትሄው ቀላል ነው፤ ሙቀቱ ካልደረሰበት ቦታ ያው ንብርብር ላይ ሌላ ናሙና ውሰዱ። አንድ ናሙናም አይበቃም፤ የደለል ፒራይት ቁጥር በጥቂት ሜትር ውስጥ በጣም ይለያያል።

ምልክት፦ በአንድ ድንጋይ ውስጥ ማዕድናቱ አይስማሙም

በማግማ ሙቀት ፒሮታይት፣ የኒኬሉ ፔንትላንዳይትና የመዳቡ ቻልኮፒራይት በዴልታ 34 ልዩነታቸው ብዙውን ጊዜ ከ1 በሺህ አይበልጥም። ከዚያ በላይ ከሆነ የተወለወለውን ቁራጭ ማይክሮስኮፕ ስር አድርጉ። ቢጫው ቻልኮፒራይትና ነሐስ የሚመስለው ፒሮታይት ጎን ለጎን ይታያሉ። ፒራይት ስንጥቅ ተከትሎ ገብቶ ከሆነ ምናልባት በኋላ ዘመን ፍል ውሃ ያመጣው ነው። ድንጋዩን በሙሉ ፈጭታችሁ ከለካችሁ የሁለት ዘመን ድኝ አማክላችኋል። በማይክሮ መሰርሰሪያ ወይም በአዮን ማይክሮፕሮብ (ጥቃቅን ነጥቦችን በጨረር በሚለካ መሣሪያ) ነጥብ ነጥቡን ለዩ።

ምልክት፦ ያው ናሙና ጠዋትና ማታ ሌላ ቁጥር ይሰጣል

ይህ የላቦራቶሪ ጉዳይ ነው። የእርጥበት ወጥመዱን ቀይሩ፤ ናሙናው ሲቃጠል የሚወጣው የድኝ ጋዝ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ናሙናው በሙሉ እንዲቃጠል ቫናዲየም ፔንታኦክሳይድ ጨምሩ። በአንድ መስፈርት (ቁጥሩ በታወቀ ማመሳከሪያ ናሙና) ብቻ አትመኑ። የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የብር ሰልፋይዶች አሉ፦ አንዱ -0.3፣ ሌላው +22.6 ገደማ፣ ሦስተኛው -32.5 ገደማ። ቢያንስ ሁለቱን፣ ከናሙናችሁ ቁጥር ግራና ቀኝ የሚውሉትን፣ በየ10 ናሙናው መሃል አስገቡ።