ልጆችን በቤት ማስተማር፦ በጎንደር ለሚኖሩ ክርስቲያን እናቶች

ልጆቿን በቤት ለማስተማር የምትነሣ እናት መጽሐፍና ደብተር ከመግዛቷ አስቀድሞ ትምህርቱ በቀኑ ውስጥ የትኛውን ሰዓት እንደሚይዝ መወሰን ይኖርባታል። በጎንደር ያለ የክርስቲያን ቤት ቀድሞውንም የራሱ ሥርዓት አለው። የማለዳ ጸሎት አለ፤ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ በየወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ይታሰባል፤ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን፣ ገበያ የሚወጣበት ቀን፣ ቡና የሚፈላበት ሰዓትም የታወቀ ነው። የቤት ትምህርት የሚጸናው በዚህ በነበረው ሥርዓት ላይ ሲመሠረት እንደሆነ አምናለሁ። ሳሎኑን እንደ መማሪያ ክፍል አዘጋጅቶ፣ ክፍለ ጊዜ እየቆጠሩ የሚጀመር ትምህርት ግን እንግዳ የመጣ ዕለት፣ ልቅሶ የተኬደ ዕለት ወይም ለቀናት ጠፍቶ የቆየው ውኃ የመጣ ዕለት ይፈርሳል፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከፈረሰ በኋላ ደግሞ መልሶ ለማንሣት ልብ ይከብዳል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ፣ ከዚያም ወዲህ በክልላችን በጸጥታው ችግር ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሲቆዩ፣ ብዙ እናቶች ሳያስቡት አስተማሪ ሆነዋል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ለእነርሱም፣ ልጁ ዕድሜው 7 ዓመት ሞልቶ 1ኛ ክፍል እስኪገባ ድረስ በእጃቸው ሊያስጀምሩት ለሚሹም፣ ትምህርት ቤት ውሎ የሚመጣውን ልጅ ማታ በቤት ለሚያግዙም የሚሆን ነው።

የማለዳው ሰዓት ለንባብ ይሰጥ። ልጆቹ ፊታቸውን ታጥበው፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብለው፣ አቡነ ዘበሰማያትን ከደገሙ በኋላ ልባቸው ተሰብስቦ ይገኛል፤ ይህን ጊዜ ቁርስ ሳይቀርብ፣ ስልክም ሳይከፈት መያዝ ይገባል። ለ5 ዓመት ልጅ ሩብ ሰዓት፣ ለ8 ዓመት ልጅ ደግሞ ግማሽ ሰዓት በቂ ነው። ልጁ ገና መማር እያማረው ማቆም፣ ሰልችቶት እስኪያዛጋ ድረስ ከማቆየት እጅግ ይሻላል፤ በማግስቱ ራሱ ገበታውን ይዞ ይመጣልና።

ፊደልን በተመለከተ ረዘም አድርጌ ልጽፍ እወዳለሁ፤ ብዙ ልጆች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነውና። የአማርኛ ገበታ 33 ፊደላት በ7 ድምፅ ተባዝተው 231 ሆሄያት ይዟል። ልጅ ይህን ሁሉ በዜማ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ በጥቂት ሳምንታት ሊያንበለብለው ይችላል፤ እናትም ልጇ ፊደል የቆጠረ ይመስላታል። ነገር ግን ከመካከል «ሙ»ን ብቻ ነጥለው ቢያሳዩት ከ«መ» ጀምሮ ካላዜመ አያውቀውም። ጆሮው ያዘ እንጂ ዓይኑ ገና አልያዘም ማለት ነው። የድሮዎቹ የኔታዎች ለዚህ መድኃኒቱን ያውቁታል፤ ተማሪው በስንደዶ እያመለከተ ገበታውን ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ ከመጨረሻውም ወደ መጀመሪያው እንዲያነብ ያደርጉታል። እናትም በቤት እንዲሁ ታድርግ። ስንደዶው በልጁ እጅ ይሁን፤ ሳይነካው የጠራውን ሆሄ እንዳነበበው አትቁጠርለት።

ከዚህ ጋር እኔ የምመርጠው አካሄድ ገበታውን በሙሉ ከማስያዝ በፊት ቅርጻቸው ሥርዓት ያለውን ጥቂት ፊደላት አጥብቆ ማስተማር ነው። «በ»ን እንውሰድ። ካዕቡ «ቡ» በቀኝ ጎኑ ወገቡ ላይ ጭረት አለው፤ ሣልሱ «ቢ» ጭረቱ ወደ ቀኝ እግሩ ግርጌ ይወርዳል፤ ራብዑ «ባ» ቀኝ እግሩ ረዝሞ ግራው ያጥራል፤ ኃምሱ «ቤ» በቀኝ እግሩ ግርጌ ቀለበት ይይዛል፤ ሳድሱ «ብ» በግራ ጎኑ ጭረት ያወጣል፤ ሳብዑ «ቦ» ደግሞ ግራ እግሩ ረዝሞ ቀኙ ያጥራል። «ለ» እና «ሰ» ከሳድሳቸው በስተቀር ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ። ሁለተኛዋ ልጄ ይህ ሲገባት «እማዬ፣ ይኸኛውም ቀለበት አጥልቋል» እያለች ከጋዜጣ ላይ ኃምሶችን ሁሉ መልቀም ጀመረች፤ ስማቸውን ገና የማታውቃቸውን ፊደላት ጭምር። «አ»ን ሲጨምሩበት አራቱ ፊደላት ብቻ ሁላችንም የተማርንበትን «አበበ በሶ በላ» ለማንበብ ይበቃሉ፤ «ልብ»፣ «ልብስ»፣ «ባል»፣ «ሳል» የሚሉትም ቃላት ከዚያው ይወጣሉ። ልጅ በመጀመሪያው ወር ትርጉም ያለው ቃል በራሱ ዓይን ካነበበ የቀረውን ፊደል ለመያዝ የሚገፋው ሌላ አያስፈልገውም።

ጽሕፈትን ከንባቡ ጥቂት ዘግይቶ ማስጀመር ጥሩ ነው። መጀመሪያ በጣት በአመድ ወይም በዱቄት ላይ፣ ቀጥሎ በጠመኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ፣ በመጨረሻ በእርሳስ በደብተር ላይ ይጻፍ። «ሰ»ን ከ«ሠ»፣ «ጸ»ን ከ«ፀ» የመለየቱ ነገር ለ6 ዓመት ልጅ አያስጨንቅ፤ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ በጆሮ ሊለያቸው አይችልም፤ የቃሉን አጻጻፍ በንባብ ብዛት ዓይኑ ይለምደዋል።

አማርኛው ሲጠና ልጁን ወደ ዳዊት ማድረስ የብዙዎቻችን ምኞት ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ከፊደልና ከአቡጊዳ ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስ ይያዛል፤ በመጀመሪያ በቁጥር፣ ማለትም እያንዳንዱን ሆሄ ነጥሎ በመጥራት፣ ከዚያ በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ይወጣል፤ ወንጌለ ዮሐንስና ዳዊትም ይከተላሉ። እናት ቁጥሩን በቤት ልታግዝ ትችላለች። የንባቡን ስልት ግን፣ ማለትም ተነሹን፣ ወዳቂውን፣ ተጣዩንና ሰያፉን፣ ለሚያውቀው መተው ይገባል፤ በተሳሳተ አነባበብ የለመደ አንደበት በኋላ ለማቅናት ከባድ ነው። ጎንደር ደግሞ በዚህ ረገድ የታደለች ከተማ ናት። የበአታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም፣ ማለትም የማሕሌት ዝማሜ፣ ምስክር ቤት ነው፤ በየአድባራቱም ፊደልና ንባብ የሚያስተምሩ መምህራን አሉ። የአጥቢያዎን የንስሐ አባት አማክረው፣ በሳምንት ጥቂት ቀን ልጁ ከየኔታ ዘንድ እንዲውል ቢያደርጉ፣ እርስዎም በቤት የተማረውን ቢያስቀጽሉት፣ ማለትም ደጋግመው ቢያስነብቡት፣ ሥራው ለሁለታችሁም ይቀላል።

ለቤት ጸሎት ዳዊት በዕለታት የተከፈለ መሆኑ ለእናት ትልቅ እገዛ ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150 ይደርሳል። ለልጆች ይህን ሁሉ ማስደገም አይቻልም፤ አይገባምም። ከዕለቱ ድርሻ አንድ አጭር መዝሙር መርጦ ማንበብ፣ አንዱን ቁጥር በቃል ማስያዝ፣ ማታ ሲተኙ መልሶ መጠየቅ ይበቃል። ጾምንም በዚሁ መንፈስ መያዝ ይሻላል፤ ሕፃኑ አቅሙ እየታየ፣ በፈቃዱ፣ በጥቂት ሰዓት ይልመድ። ባዶ ሆዱን ሒሳብ እንዲሠራ የሚጠበቅበት ልጅ ጾሙንም ሒሳቡንም ይጠላል።

ለሒሳብ ከቤታችን የተሻለ መማሪያ የት ይገኛል? የወሩን በዓላት በመቁጠር ብቻ ልጅ እስከ 30 ያውቃል፤ «ዛሬ 16 ኪዳነ ምሕረት ናት፤ እስከ 21 ማርያም ስንት ቀን ቀረ?» ማለት መቀነስ ነው። ከፍ ላለው ደግሞ ባሕረ ሐሳብ፣ የዘመንና የበዓላት ማስሊያው፣ አለለት። ማካፈልን የተማረ የ10 ወይም የ11 ዓመት ልጅ ዓመቱ የሚጠራበትን ወንጌላዊ ራሱ ሊያወጣ ይችላል፤ 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ይደምርና ለ4 ያካፍላል። 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ሲተርፍ ማርቆስ፣ 3 ሲተርፍ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ሲካፈል ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ ለ2018 ዓ.ም. ድምሩ 7518 ነው፤ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ዘመኑም ማርቆስ ነው። ይኸው 1879 መጠነ ራብዒት ይባላል፤ 7518 ላይ ተደምሮ 9397 ሲሆን ለ7 ቢካፈል 3 ይተርፋል፤ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እየተባለ ሲቆጠር መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ሐሙስ እንደዋለ ይገኛል። ልጁ ያገኘውን በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ አመሳክሮ ልክ መሆኑን ሲያይ የሚሰማው ደስታ ከመቶ መልመጃ ይበልጣል። የተወለደበትን ዓመት፣ የእናት የአባቱን ዓመት ሁሉ እያሰላ ያድራል።

ማእድ ቤቱ ለሳይንስ ይሁን። ሊጥ የተቦካበትን ቀን፣ አብሲት የተጣለበትን ሰዓት፣ እንጀራው ዓይን አውጥቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ትልቁ ልጅ በደብተር ይመዝግብ፤ በክረምት ሊጡ ለምን እንደሚዘገይ ከመዝገቡ ራሱ ያስተውላል፤ እርሾውን የሚያስነሡት ጥቃቅን ሕዋሳት በብርድ ሥራቸው ይቀዘቅዛልና። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የጾም ንፍሮ ቆላ ከሚኖሩት ዘመዶች ቤት ይልቅ እኛ ዘንድ ቆይቶ የሚበስለውም ስለዚህ ነው። ምድጃውንና የፈላውን ድስት ግን አዋቂ ብቻ ይንካው።

ታሪክን ከቤት ወጥቶ ማስተማር ይሻላል። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ እንዳደረጉ ካስረዱ በኋላ ዘመኑን ወደ እኛ አቈጣጠር ልጁ ራሱ ይመልሰው። የግቢው ቅጥር 900 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ልጆቹ አንድ እርምጃቸውን በሜትር ለክተው ስንት እርምጃ እንደሚያስኬድ አስቀድመው ይገምቱ። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች ረድፉን በረድፍ እያባዙ መቁጠር ልጅን በጸጥታ ያቆየዋል። በ1880 ዓ.ም. የሱዳኑ ደርቡሽ ጦር የከተማዋን አድባራት ሲያቃጥል ይህ ቤተ ክርስቲያን በንብ መንጋ እንደተጠበቀ አባቶቻችን የሚተርኩትም እዚያው ግቢ ውስጥ ሆኖ ሲሰማ አይረሳም። የግንቡ መግቢያ ክፍያ ለቤተሰቡ የሚከብድ ከሆነ ለጥር 10 ከተራ ታቦታቱን አጅቦ ወደ ፋሲል መዋኛ መውረድ ራሱ ሙሉ ትምህርት ነው።

ማታ መብራት ሲጠፋ መማሪያው እንቆቅልህ ነው። «ምን አውቅልህ» ያለው ልጅ መልሱ ሲጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ የሚሰጠውን አገር በማግስቱ ጠዋት በካርታ ላይ እንዲያሳይ ማድረግ ነው። በዚህ መንገድ ከሁመራ እስከ ሞያሌ ያለውን ከተማ ልጆቼ ሳይሰለቹ ለይተዋል።

ልጆቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ ለየብቻ ለማስተማር መሞከር እናትን ይጨርሳታል። በአብነት ትምህርት ቤት ዳዊት የደረሰው ተማሪ ፊደል ለሚቆጥረው ያስቀጽላል፤ በቤትም ታላቅ ለታናሽ ያሳይ። ታላቁ ሲያስረዳ የራሱ ዕውቀት ይጠራል። ይሁንና በቁጣ የሚያስተምር ታላቅ ካለ ወዲያው ማስቆም ይገባል። እናትም እንዲሁ፤ ደክሟት ድምፅዋ ከፍ ሊል ሲል ገበታውን አስቀምጣ ልጆቹን ውጪ ታጫውት። አባት ማታ ሲገባ ቢያንስ አንድ ገጽ ቢያስነብብ ልጁ ትምህርቱ የሁለቱም ወላጆች ጉዳይ እንደሆነ ይረዳል።

በመጨረሻ የምዝገባው ነገር አለ። ልጅን በቤት ማስተማር ከመደበኛው ትምህርት ቤት ምዝገባ ሊያስቀረው አይገባም የሚል ጽኑ አቋም አለኝ፤ የ8ኛ ክፍል ክልላዊና የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚጠብቀው ልጅ የክፍል ውጤት ካርድ ያስፈልገዋልና። ስለዚህ በክፍሉ ያሉትን የመማሪያ መጻሕፍት ይዛችሁ የየምዕራፉን መልመጃ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን አሠሩት። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደብተር ለይታችሁ ያነበበውን፣ የሠራውን፣ የተቸገረበትንም ከነቀኑ መዝግቡ። የልደት ምስክር ወረቀቱንና የክትባት ካርዱን ከደብተሩ ጋር በአንድ ቦታ አስቀምጡ። ምዝገባ ሲጀመር ወይም የተዘጋው ትምህርት ቤት ሲከፈት ደብተሩን ይዛችሁ ከክፍል ኃላፊው መምህር ጋር ተነጋገሩ፤ መምህሩ ልጁ የደረሰበትን አይቶ ከየት መቀጠል እንዳለበት ሊወስን የሚችለው እንዲህ ያለ ማስረጃ ሲያገኝ ነው።