ባትሪ የሚጠማው ውሃ ነው፤ አሲድ አይደለም

ደሴ ላይ የጠዋቱ ብርድ ሲከፋ መኪና አልነሳም ይላል። ያኔ «አሲዱ አልቋል፣ ጨምርበት» የሚል መካሪ አይጠፋም። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ባትሪ ውስጥ ያለው በውሃ የቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። በክብደት ከሲሶ ትንሽ ከፍ የሚለው አሲድ፣ የቀረው ውሃ ነው። በሙቀትና በቻርጅ ብዛት የሚጎድለው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም። ባትሪው ሲደክም አሲዱ የትም አልሄደም፤ ውስጡ ካሉት የሊድ (የእርሳስ ብረት) ፕሌቶች ጋር ተዋህዶ ተቀምጧል። ቻርጅ ሲደረግ ይመለሳል። በደከመ ባትሪ ላይ አሲድ ከጨመሩበት ቻርጅ ሲሞላ ከልክ በላይ ይከርና ፕሌቶቹን ይበላል። ሃይድሮሜትር፣ ማለትም ፈሳሹ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ የሚለካ መሣሪያ፣ ያለው ጋራዥ ወስደው ያስለኩት። የሞላ ባትሪ 1.265 አካባቢ ያሳያል። 1.2 እና ከዚያ በታች ከሆነ የሚያስፈልገው ቻርጅ ነው።

የቧንቧ ውሃ መጨመርም ሌላው ጥፋት ነው። የታሸገው የመጠጥ ውሃም ማዕድን ስላለበት አይሻልም። ዲስትልድ (ተንኖ የተጣራ፣ ማዕድን የሌለው) ውሃ ይግዙ፤ ከአዲስ ባትሪ ዋጋ ጋር ሲታይ ምንም አይደል። ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ የሚውሉ መኪኖች ውሃቸው ቶሎ ስለሚጎድል ክዳኑን ከፈት አድርጎ ማየት አይከፋም። ክዳኑ የማይከፈት ባትሪ ከሆነ ግን አይነካኩት። ደግሞ እስከ አፉ አይሙሉት። የደከመ ከሆነ ፕሌቶቹ እስኪሸፈኑ ብቻ ጨምረው ቻርጅ ያድርጉ፣ ከዚያ እስከ ምልክቱ ያድርሱት።

ውሃው የት እንደደረሰ ለማየት ላይተር የሚያበራ ሰው አለ! ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። የስልክ መብራት ይበቃል።

ጥሬ አሲድ ማቅጠን ካለብዎ አሲዱን በውሃው ላይ ቀስ እያሉ ያፍስሱ። ውሃውን በአሲዱ ላይ ካደረጉት ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል።

እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ግን አሲድ በሃይላንድ ጠርሙስ ማስቀመጥ ነው። መልኩ ከውሃ አይለይም። ልጅ ወይም የተጠማ እንግዳ አንስቶ ቢጠጣውስ?

ዓይን ውስጥ ከገባ ወተት፣ ቤኪንግ ሶዳ አይሞክሩ። በሚፈስ ንጹህ ውሃ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይታጠቡና ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ልብስ ላይ ካረፈም ቶሎ ያውልቁት። ጂንስ «ምንም አልሆነም» ብለው ካለፉት፣ ቀዳዳው የሚታየው ከታጠበ በኋላ ነው።