ቀለም የሚለቅ ቦርሳ

ደንበኛዬ ነጭ ነጠላዋን ይዛ መጣች። ሐረግ ቀርጬ የሠራሁላት ቡናማ የቆዳ ቦርሳ የነጠላውን ጎን በሙሉ ቀለም ለቆበታል። ቀለሙ ከታዋቂ ሱቅ ነው የተገዛው፣ ስለዚህ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነበር።

በአልኮል የተበጠበጠ የቆዳ ቀለም ቆዳ ውስጥ ሲሰርግ አልኮሉ ይተንና የተረፈው ቀለም እንደ ዱቄት ላዩ ላይ ይቀራል፤ በተለይ የሐረጉ ጎድጓዳ ውስጥ ይከማቻል። ያንን ሳያነሱ ሰም ቢቀቡበት ዋጋ የለውም። ሰሙ ሙቀት ሲያገኘው ዱቄቱን ይዞ ይወጣል።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ቀለሙን ቀብቼ አሳድረዋለሁ። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲውል ግን ማሳደር ብቻ አይበቃም፤ ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ቶሎ የሚደርቀው ቆዳ እዚህ ደሴ ይለግማል። ከዚያ በአሮጌ ካናቴራ መፈተግ ነው፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። እጅ ይዝላል፣ ምን ይደረጋል። ጎድጓዳው ውስጥ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይገባል።

ቀጥሎ የቆዳ ዘይት በስሱ፣ አልኮሉ ያደረቀውን እንዲያለሰልስ። እሱ ገብቶ ካለቀ በኋላ ቀለሙን የሚያሽግ አክሪሊክ የሚባል ፈሳሽ ማሸጊያ፣ ስስ አድርጎ ሁለት ጊዜ። በስፖንጅ ጠብ ጠብ ይደረጋል እንጂ አይታሽም፤ ካሹት እርጥበቱ ቀለሙን መልሶ ያነሳዋል። ሰሙ መጨረሻ ነው። ከማስረከቤ በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርጌ አሽበታለሁ።

ይኼ ሁሉ በዕፅዋት ለለፋ ቆዳ ነው። ክሮም በሚባል ኬሚካል የለፋው መጀመሪያውኑ የሚቀረጽበትን ቅርጽ በደንብ አይዝም።