በቁማር የሚከስር ጉልበተኛ ዘመድ ሲኖር ቤትንና ወዳጅነትን ማትረፊያ መንገድ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከኮዬ ፈጬ እስከ የካ አባዶ ባሉት አዳዲስ ሰፈሮች፣ መሬት በማሻሻጥ፣ በአራጣና በማስፈራራት ገንዘብ የሚሰበስብ፣ ጎረምሶች የሚከተሉት ሰው የቤተሰባችሁ አባል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ቁማር ላይ ሲቀመጥ ኪሳራው በእሱ ላይ ብቻ አይቀርም። ተራውን ቁማርተኛ ዘመድ ሁሉ «የለኝም» ብሎ ይመልሰዋል፤ የሚፈራውን ሰው ግን ፊት ለፊት እምቢ የሚለው ስለማይገኝ፣ ሌሊት የተበላውን ጠዋት ከሚስቱ፣ ከታናሽ ወንድሙና ከአብሮ አደጉ ይሰበስባል። ስለዚህ ዋናው ሥራ እምቢታው ከአንድ ሰው አፍ ሳይሆን አስቀድሞ ከተቀመጠ ደንብ እንዲወጣ ማድረግ ነው፤ ይህም የሚሠራው ከመበላቱ በፊት ሲዘጋጅ ነው።

ከቤቱ ይጀምሩ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 68 መሠረት፣ የጋራ የሆነ ቤት ለመሸጥ፣ ለማከራየት ወይም በመያዣ ለመስጠት፣ እንዲሁም ከ500 ብር በላይ ለመበደርም ሆነ ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ሚስት ሳትስማማ የተደረገ ውል ቢኖር ፍርድ ቤት እንዲያፈርሰው ልትጠይቅ ትችላለች፤ ጊዜው ግን ካወቀችበት ቀን አንሥቶ 6 ወር ነው፤ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ካለፈው ደግሞ ጥያቄው አይቀርብም። ይህ መብት በተግባር የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ቀድሞ በተሰጠ ውክልና ነው። «ጉዳይ ላስጨርስ» ተብሎ የተፈረመ ሰፊ ውክልና ካለ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ መሻር፣ የቤቱንም ካርታ እሱ ከማይደርስበት ስፍራ ማስቀመጥ ይገባል።

ዕቁብ ሁለተኛው በር ነው። ዕጣው ሲወጣ ገንዘቡ በእጅ እንዳይሰጥ፣ ለትምህርት ቤት ክፍያ ወይም ለቤት ማደሻ በቀጥታ እንዲከፈል ከሰብሳቢውና ከጸሐፊው ጋር ተነጋግሮ በመዝገብ ማስፈር ይቻላል። ያን ጊዜ ታናሽ ወንድሙ «ጋሼ፣ እኔ ብፈልግም ዕቁቡ በእጄ አይሰጠኝም፤ ሰብሳቢውን ጠይቀው» ማለት ይችላል፤ ጋሼም በታናሹ ተናቅሁ ሳይል ይመለሳል። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥሮችን በአንድ ቀን ይለውጡ፤ መላና እንደኪሴን በመሳሰሉ አገልግሎቶች በሌላ ሰው ስልክ ብድር መውሰድ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ዕዳው ግን የሚመዘገበው በባለ ስልኩ ስም ነው።

ወዳጆቹን በተመለከተ ከሁሉ የሚከብደው ዋስትና ነው። የምጠነቀቀው ሌሊት አምስት ሰዓት ከቁማር ቤት ለሚደወል ስልክ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ «እስከ ነገ ብቻ፣ ስምህን ብቻ ስጠኝ» የሚል። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ይሁን፦ ሌሊት የገንዘብ ጉዳይ አልነጋገርም፣ ጠዋት ግን ቁርስ አብረን እንበላለን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ዋስትና በግልጽ ካልተነገረና ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተጠቀሰ አይጸናም፤ ስለዚህ «ቃልህን ሰጥተሃል» ለሚል አቋማሪ የሕግ ዕዳ አለብኝ ብላችሁ አትሸበሩ። መኪናውን ወይም መሬቱን ለጊዜው በስማችሁ እንድትይዙለት ቢጠይቅም አትቀበሉ። ንብረቱ ከወንጀል የተገኘ ከሆነና ይህን እያወቃችሁ ምንጩን ከደበቃችሁለት፣ በወንጀል የተገኘን ገንዘብ ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን በሚከለክለው ሕግ እናንተም ትጠየቃላችሁ። ገንዘቡን ስትከለክሉት ግን ሰውየውን አትከልክሉት፤ ለቅሶው ላይ ተገኙ፣ ልጁን ክርስትና አንሡ፣ ቢታመም ጠይቁት። አብሮ አደጎቹ ሲሸሹት ዙሪያውን የሚቀሩት ሲያሸንፍ የሚያጨበጭቡለት ብቻ ናቸው።

ሽማግሌ ስትልኩ እሱን የማይፈሩና የማይበደሩት፣ ቢቻል የነፍስ አባቱ ወይም የሚያከብራቸው ሼህ ያሉበት ይሁኑ። በተበላ ማግስት አትላኩ፤ ያን ቀን ምክር ስድብ ሆኖ ይሰማዋል። ጥያቄው አንድና የሚቆጠር ይሁን፤ ለምሳሌ የቤቱ ወጪ በየወሩ መጀመሪያ ለሚስቱ እንዲሰጥ። እጁን ካነሣ ወይም መሣሪያ ካሳየ ግን የሽምግልናው ነገር በዚያው ያብቃ፤ ሚስትና ልጆች እሱ ወደማያዝበት ዘመድ ቤት ይሂዱ፣ ለፖሊስም ይመልክቱ። «የቤት ገመና» እየተባለ ሲታገሥ ስንት ቤት እንደ ተበላሸ ሰፈርተኛው ያውቃል።

እሱ ራሱ «ማቆም አቃተኝ» ያለ ቀን ነገ አትበሉ። የቁማር ሱስ በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ 11ኛ እትም የአእምሮ ጤና እክል ሆኖ ሰፍሯል፤ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወስዶ ሐኪም ማማከር ይቻላል። በቁማር የማይታወቅ አንድ ወዳጁ አብሮት ይሂድ፤ ዕዳውንም በዚያው ሰሞን ቤተሰቡ በደስታ ተነሣሥቶ በአንድ ጊዜ አይክፈልለት፤ የአበዳሪዎቹ ስምና የዕዳው መጠን በወረቀት ይስፈር፣ የአራጣው ወለድ በሕግ ባለሙያ ይታይ፣ ክፍያውም ከራሱ ሕጋዊ ገቢ በየወሩ በሚስቱ እጅ ይፈጸም።