የኮንደንሲንግ ቦይለር የጋዝ መስመርና የጭስ ማውጫ አገጣጠም

ኮንደንሲንግ ቦይለር ከጭሱ ሙቀት ወስዶ በጭሱ ያለውን እንፋሎት ወደ ውሃ የሚቀይር በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ነው። የድሮውን ዓይነት ቦይለር ሲገጥም የኖረ እጅ እሱ ላይ የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ በጭሱ ነው። የድሮው ቦይለር ጭስ ትኩስና ደረቅ ስለሆነ በራሱ ኃይል ወደ ላይ ይወጣል። የኮንደንሲንግ ቦይለር ጭስ ግን ቀዝቅዞና ረጥቦ፣ በማራገቢያ ተገፍቶ ነው የሚወጣው። ቱቦው እንግዲህ ውሃ የማያፈስም ግፊት የሚችልም መሆን አለበት።

በአብዛኛው አገር የጋዝ መስመር መቀጠልና ቦይለር ማስነሳት የሚፈቀደው ፈቃድ ላለው የጋዝ ባለሙያ ብቻ ነው። ይህ የተጻፈው ለእሱና ሥራውን አጠገቡ ቆሞ ለሚከታተል የቤት ባለቤት ነው። የቦይለሩ መመሪያ ወይም የአገሩ ደንብ ከዚህ የተለየ ቁጥር ከሰጠ የእነሱን ይከተሉ።

መጀመሪያ ጭሱ የት ይውጣ?

ቦይለሩ የሚሰቀልበትን ግድግዳ የሚወስነው የጭሱ መውጫ ነው። የጋዝ ቱቦ ዞሮም ቢሆን ይደርሳል፤ ጭስ ማውጫ ግን በታጠፈ ቁጥር አቅሙ ያንሳል። የቱቦው አፍ ከሚከፈት መስኮትና ከአየር ማስገቢያ ቢያንስ 30 ሴ.ሜ.፣ ፊት ለፊቱ ካለ ግድግዳ 60 ሴ.ሜ.፣ ፊት ለፊቱ ሌላ የጭስ አፍ ካለ ደግሞ 1.2 ሜትር መራቅ አለበት የሚለው በብዙ ደንብ የሚገኝ ልክ ነው። ከአፉ ነጭ እንፋሎት መውጣቱ የብልሽት ምልክት አይደለም፤ ቦይለሩ በደንብ መሥራቱን ነው የሚያሳየው። ቢሆንም ልኩ ተሟልቶልኛል ብሎ እንፋሎቱን ወደ ጎረቤት በረንዳ ማዞር ጠብ መግዛት ነው።

ለቤት ቦይለር የተለመደው ድርብ ቱቦ 60/100 ሚ.ሜ. ነው፤ በውስጠኛው ጭስ ይወጣል፣ በውጭኛው አየር ይገባል። መስመሩ ረጅም ከሆነ 80/125 ይገባል። መመሪያው የሚፈቅደውን ትልቁን ርዝመት ይይዙና ከዚያ ላይ ለእያንዳንዱ የ90 ዲግሪ ኤልቦ (የቱቦ መታጠፊያ) 1 ሜትር፣ ለእያንዳንዱ የ45 ዲግሪ ግማሽ ሜትር ገደማ ይቀንሳሉ። ለምሳሌ የተፈቀደው 10 ሜትር ቢሆን፣ ሁለት የ90ና አንድ የ45 ዲግሪ ኤልቦ ሲቀነስ ለቀጥታ ቱቦ የሚተርፈው 7.5 ሜትር ነው። ከቦይለሩ ራስ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ኤልቦ ሂሳብ ውስጥ ይግባ አይግባ ከመመሪያው ይታያል፤ አንዳንዱ አምራች አስቀድሞ ቀንሶታል። ርዝመቱ ካለፈ ማራገቢያው ጭሱን ገፍቶ መጨረስ ያቅተዋል፤ ቦይለሩም በከፍተኛ ኃይል ሲሠራ እየጠፋ ያስቸግራል።

ነባር የጡብ ጭስ ማውጫ ካለ ቱቦውን አፉ ላይ ሰክቶ መተው አይቻልም። ጭሱ በግፊት ስለሚሄድ በስንጥቁ ሁሉ ወደ ክፍል ይገባል፤ ውሃውም ጡቡን ያበሰብሳል። በውስጡ እስከ ላይ ድረስ የፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ቱቦ ማሳለፍ ግድ ነው። ከምድጃ ወይም ከሌላ መሣሪያ ጋር አንድ ጭስ ማውጫ መጋራትም አይቻልም።

ዘንበል ማድረግና ማገጣጠም

አግድም የሚሄደው ጭስ ማውጫ ወደ ቦይለሩ ዘንበል ይላል፤ ልኩ በሜትር 5 ሴ.ሜ.፣ ማለትም 3 ዲግሪ ገደማ ነው። ብዙ ሰው ዝናብ እንዳይገባ ብሎ ወደ ውጭ ያዘነብለዋል፤ ስህተቱ ይኸው ነው። ከጭሱ የሚወጣው ውሃ አሲድነት አለው፤ የአሲድነት መለኪያው (ፒኤች) ከ3 እስከ 5 ያህል ነው። ወደ ውጭ ከፈሰሰ ግድግዳውን ይበላል፣ በብርድ አገር አፉ ላይ በረዶ ሆኖ ይዘጋዋል። ቱቦው መሀል ላይ ረግቦ ከሆነ ደግሞ ውሃው እዚያው ይቋጥርና ሲሠራ የመንቦጭቦጭ ድምፅ ይሰማል። ስለዚህ በየሜትሩ አንድ ማቀፊያ ይሰራለታል፤ ኤልቦ ባለበት ተጨማሪ አንድ። አንዳንድ የግድግዳ መውጫዎች ዝንባሌው ውስጣቸው ስለተሠራ የውጭው ቱቦ በውሃ ልክ ቀጥ ብሎ ይገጠማል። እንዲህ ያለው «ላይ» የሚል ምልክት አለው፤ ተገልብጦ ከገባ ዝንባሌውም ይገለበጣል።

ቱቦው ሲቆረጥ አፉ ቀጥ ያለ ይሁን፤ ጠርዙ በሞረድ ይለስልስ። የተተወ ሹል ጠርዝ በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለውን ማሸጊያ ጎማ ይቀደዋል፣ ከውጭ ግን አይታይም። የውስጠኛውና የውጭኛው ቱቦ ርዝመት ልዩነት በመመሪያው ላይ በሚሊሜትር ተጽፏል፤ የውስጠኛው አጥሮ ከተቆረጠ ከጎማው ሳይደርስ ይቀርና ጭሱ ከሚገባው አየር ጋር ይቀላቀላል። ጎማዎቹን ለማንሸራተት ሳሙና የተቀላቀለበት ውሃ ወይም አምራቹ የሰጠው ቅባት ብቻ ይጠቀሙ። ግሪስና የሞተር ዘይት ጎማውን ያሳብጡታል።

የሚወርደው ውሃ

አንድ 24 ኪሎዋት ቦይለር በደንብ ሲሠራ በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር ውሃ ያወጣል። ይህ ውሃ በፕላስቲክ ቱቦ ብቻ ይወሰዳል፤ መዳብና ዚንክ የተቀባ ብረት አሲዱን አይችሉም። ዝንባሌው እዚህም በሜትር 5 ሴ.ሜ. ያህል ነው፣ ግን ወደ ፍሳሹ። ቱቦው ቤት ውስጥ ቢቀር ይመረጣል፤ ወደ ውጭ የግድ ከወጣ ወደ 32 ሚ.ሜ. ይስፋ፣ ብርድ እንዳይነካው ይጠቅለል፣ አጭር ይሁን። ቦይለሩ ከመነሳቱ በፊት ሲፎኑን (ውሃ ይዞ ጭስ የሚያግደውን ጎባጣ ቱቦ) በውሃ መሙላት አይረሳ፤ ባዶ ሲፎን ጭስን ወደ ክፍሉ የሚያስገባ ክፍት በር ነው።

የጋዙ መስመር

እዚህ ላይ ዋናው ስህተት የቱቦውን ስፋት ከቦይለሩ ማገናኛ አይቶ መወሰን ነው። የ24 ኪሎዋት ቦይለር በከፍተኛ ኃይል በሰዓት 2.6 ሜትር ኩብ ገደማ የተፈጥሮ ጋዝ ይፈልጋል። ከቆጣሪው እስከ ቦይለሩ ግፊቱ ከ1 ሚሊባር በላይ እንዳይወርድ ከተፈለገ 15 ሚ.ሜ. የመዳብ ቱቦ ይህን ጋዝ የሚያደርሰው 3 ሜትር ያህል ብቻ ነው። 22 ሚ.ሜ. ግን 20 ሜትር ድረስ ይበቃል። እያንዳንዱን ኤልቦ እንደ ግማሽ ሜትር ቱቦ ይቁጠሩት። በዚያው መስመር ምድጃም ካለ የሁለቱ ፍጆታ ተደምሮ ይሰላል።

በፕሬስ ማሽን የሚጨመቁ መገጣጠሚያዎች ከሆኑ ለጋዝ የተሠሩትን በቢጫ ምልክታቸው ይለዩ። የውሃዎቹ መልካቸው አንድ ነው፤ ውስጣቸው ያለው ጎማ ግን ለጋዝ አይሆንም። ጥርስ ባለው መገጣጠሚያ ላይ ለጋዝ የተፈቀደ ቴፍሎን ወይም ቃጫ ከጋዝ ማጣበቂያ ጋር ይጠቀለላል፤ የውሃ ቧንቧ ስስ ቴፍሎን አይበቃም። ከቦይለሩ ሥር እጅ በሚደርስበት ቦታ የጋዝ መዝጊያ ይገባል። መስመሩ ከቦይለሩ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ይጠረግ፤ የቀረ ፍቅፋቂ የጋዝ ቫልቩን ማጣሪያ ይደፍናል።

ፍተሻው በማኖሜትር (በግፊት መለኪያ) ነው። በቦይለሩ ሥር ያለው መዝጊያ ይዘጋል። መጀመሪያ መስመሩን 10 ሚሊባር አድርሰው የቆጣሪውን መዝጊያ ይዝጉና አንድ ደቂቃ ይዩ፤ ግፊቱ ከጨመረ መዝጊያው ራሱ ጋዝ ያሳልፋል፣ ቀጣዩም ውጤት አይታመንም። ካልጨመረ ወደ 20 ሚሊባር ያድርሱ፣ ዘግተው አንድ ደቂቃ ያረጋጉ፣ ሁለት ደቂቃ ይከታተሉ። አዲስ መስመር ላይ ምንም መውረድ የለበትም። ከወረደ መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ይፈልጉ፤ በእሳት ፈጽሞ አይፈለግም። የአገሩ ደንብ ከፍ ባለ ግፊት ይፈተሽ ካለ የቦይለሩ መዝጊያ መዘጋቱን ሁለቴ ያረጋግጡ፤ ያ ግፊት የቦይለሩን ቫልቭ ይሰብራል።

ሲሊንደር ጋዝ ከሆነ ቦይለሩ ለዚያ የተሠራ ወይም በአምራቹ ዕቃ የተቀየረ ይሁን። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ መሬት ላይ ይተኛል፤ ከመሬት በታች ባለ ክፍል ውስጥ ቦታ አይሰጠውም።

ማስነሳትና መለካት

መስኮት ተከፍቶ አየሩ ከመስመሩ ይወጣል፤ ከዚያ ቦይለሩ ይነሳና በመፈተሻው ስልት ሙሉ ኃይል ላይ ይደረጋል። ግፊቱ የሚለካው አሁን ነው። ቦይለሩ ቆሞ 21 ሚሊባር ያሳየ መስመር ሲሠራ ወደ 15 ሊወርድ ይችላል፤ ስፋቱ ያነሰ ቱቦ የሚጋለጠው እዚህ ነው። በ20 ሚሊባር ለሚሠራ የተፈጥሮ ጋዝ ቦይለር ከ17 እስከ 25፣ በ37 ለሚሠራ ፕሮፔን ከ25 እስከ 45 ሚሊባር ተቀባይነት አለው። ከታች ከሆነ ቱቦው ይሰፋል እንጂ የቫልቩ ብሎን አይነካም።

ቀጥሎ የጭስ መመርመሪያ ይገባል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ለተፈጥሮ ጋዝ 9 በመቶ አካባቢ፣ ለፕሮፔን 10 በመቶ አካባቢ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር መመሪያው ላይ አለ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ለዳይኦክሳይድ ጥምርታ ከ0.004 መብለጥ የለበትም። ከዚያ መመርመሪያውን በአየር መግቢያው ቀዳዳ ያስገቡ። ኦክስጅኑ ከ20.6 በመቶ በታች ካሳየ ጭሱ ወደሚገባው አየር እየፈሰሰ ነው፤ ቦይለሩ ይጥፋና ከራሱ በላይ ካለው የመጀመሪያ ኤልቦ ጀምሮ መገጣጠሚያዎቹ አንድ በአንድ ተነቅለው የተጠቀለለ ጎማ ይፈለግ።